ከጠርዙ ላይ የቆረጥኩት ስም

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለ አንድ ፍሬም ቤት ሥራ ከጀመርኩ አራት ወር ቢሆነኝ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት የሙዚቃ አስተማሪ በትራስ ልብስ የጠቀለሉትን ነገር ይዘው ገቡ። ሲፈቱት ያረጀ የሙዚቃ ኖታ ሽፋን ነው። መሀሉ ላይ የአንድ ሰው ፊት ታትሟል፤ ከላይ በትልልቅ ፊደል «አቢሲኒያ» ይላል።

የአገሬን የድሮ ስም እዚያ ሳየው ሆዴ ባባ። ሴትዮዋ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡና ያጫውቱኝ ጀመር። ሰውየው በርት ዊሊያምስ የሚባል ጥቁር ተዋናይና ዘፋኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ናሳው፣ ባሃማስ ተወለደ፤ በ1922 ኒውዮርክ አረፈ። ከጓደኛው ከጆርጅ ዎከር ጋር «ኢን ዳሆሚ» የተባለውን ትርኢት በ1903 በኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ አሳይተው፣ በዚያው ዓመት ለንደን ድረስ ወስደው በቤተ መንግሥት ተጫውተውታል። «አቢሲኒያ»ን ደግሞ በማጀስቲክ ቲያትር የከፈቱት ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906 ነው። ዓድዋ 10 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው! ሎተሪ የደረሰው የካንሳስ ሰው ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ወደ ምኒልክ አገር ሲሄድ የሚገጥመውን የሚያሳይ የሙዚቃ ተውኔት ነበር። 31 ጊዜ ታይቶ ወረደ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ራሷ ገና የ20 ዓመት ከተማ ናት። እኔ ተወልጄ ባደግኩባት ከተማ ስለዚህ ሰው የነገረኝ አልነበረም።

«ምስሉን የምወደው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ዊሊያምስ መድረክ ላይ ሲወጣ የተቃጠለ ቡሽ ፊቱን ተቀብቶ ነበር፤ የዚያ ዘመን ብዙ ተመልካች ጥቁር ተዋናይን እንኳ ጠቁሮ ማየት ይፈልግ ነበርና። እዚህ ሽፋን ላይ ግን ያለው የራሱ ፊት ነው። ኮት ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል፣ ዓይኑ ወደሚያየው ሰው ነው። በማጉያ መነጽር ስጠጋው ፊቱ በሙሉ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ተበተነ። ጥላው ላይ ነጠብጣቡ ወፍራም፣ ግንባሩ ላይ ቀጭን ነው፤ ፎቶግራፍ በቀለም ማተሚያ የሚወጣው እንዲህ ነበር። ራቅ ስል ሰውየው ተመልሶ መጣ።

ሴትዮዋ ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩትን የእንጨት ፍሬም ትተውልኝ ሄዱ። «እዚህ ውስጥ እንዲገባልኝ እፈልጋለሁ» ነው ያሉት።

ሽፋኑ ከፍሬሙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የዚያን ጊዜ የኖታ ወረቀት ኋላ ከመጣው ይተልቃል። የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ቡናማ ሆኗል፣ ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ሰው በፕላስተር አጣብቆት ፕላስተሩ ቢጫ ምልክት ትቷል። ከእንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት አሲዱ ራሱን ይበላዋል፤ መጀመሪያ የሚያልቀው ጠርዙ ነው። እኔ ያየሁት ቆሻሻ ነው። ፊቱ እስካልተነካ ድረስ ምስሉን ያስዋብኩት መሰለኝ። ማስመሪያውን አሳርፌ በካተር አንድ ጊዜ ሳብኩት። ከዚያ ብጣቂውን ወደ ቅርጫት ወረወርኩት።

ጋሼ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ታች የነበረው ጽሑፍ የት ሄደ?»

«የተበላሸ ጠርዝ ነበር ጋሼ፣ አስተካከልኩት።»

አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አነሱና እዚያው አጠገቤ ለሴትዮዋ እውነቱን ነገሯቸው። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ሴትዮዋ ዝም ብለው ቆዩና «የአሳታሚው ስም እኮ ነው» አሉ። «ጎተም አታክስ» የጥቁሮች የራሳቸው የሙዚቃ ማሳተሚያ ነበር። አታክስ በ1770 ቦስተን ላይ በእንግሊዝ ወታደሮች ጥይት የወደቀው የክሪስፐስ አታክስ ስም ነው። ሌሎች በጥቁር ዘፋኝ ሥራ በሚከብሩበት ዘመን፣ ዘፈኑን የጻፉትና የተጫወቱት ሰዎች ወገን ያሳተመው መሆኑን የሚመሰክረው ያቺ አንዲት መስመር ነበረች። ተማሪዎቻቸውን መጀመሪያ የሚያስነብቧቸው እሷን እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ፊቱን አድንቄ ቤቱን አፈረስኩበት።

ቅርጫቱ አርብ ማታ ከጀርባ ወዳለው ትልቁ ገንዳ ተገልብጧል። ጓንት አጥልቄ ሦስት ከረጢት ፈታሁ። ካርቶን ቁራጭ፣ የመስታወት ስባሪ፣ የቡና አተላ። ብጣቂዋን በሦስተኛው ከረጢት ውስጥ አገኘኋት፤ ለሁለት ተሰብራለች፣ ፊደሎቹ ግን ይነበባሉ። ጋሼ እንዳጣብቃት አልፈቀዱልኝም። ወረቀት ወደሚጠግኑ ባለሙያ ወሰድናት። እኚያ ሰው በስንዴ ስታርች ሙጫና ከጀርባ በሚለጠፍ ስስ የጃፓን ወረቀት መለሷት፤ ይህ ሙጫ ወደፊት ካስፈለገ በውሃ ይለቃል። ክፍያውን ቤቱ ቻለ። እኔም ከደመወዜ ላዋጣ ብል ጋሼ «ገንዘብሽን ያዢ፣ ፍሬሙን ግን አንቺው ትሠሪዋለሽ» አሉኝ።

የባለቤታቸውን ፍሬም ሴትዮዋን አስፈቅደን፣ በዚያው ዓይነት እንጨት አስረዝመን ሠራነው። በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል የሚገባውን ካርቶን ስቆርጥ መስኮቱን በአራቱም ጎን ከወረቀቱ ሦስት ሚሊ ሜትር አሰፋሁት። የተቀደደው ጠርዝ፣ የፕላስተሩ ምልክት፣ እኔ የቆረጥኩበት ቀጭን መስመር፣ ሁሉም ይታያል። ሴትዮዋ ሊወስዱት ሲመጡ መስታወቱን በጣታቸው ከታች በኩል ነክተው ስሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና «አሁን አንቺ አንብቢው» አሉኝ።

አነበብኩት።