ቪም ላይ ሾርትከት እምቢ ሲል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ቪም የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ተርሚናል (ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበት መስኮት) ላይ መልመድ ከጀመርኩ ወዲህ የከበደኝ ትእዛዞቹን መያዝ አልነበረም። አንድ ሾርትከት (የአቋራጭ ቁልፍ) አልሠራ ሲል ቁልፉ የት እንደቀረ ማወቁ ነው የከበደኝ። አሁን ነገሩ እየገባኝ ስለሆነ ላካፍላችሁ።

በኮንትሮል ኤስ ልጀምር። ሴቭ እንዲያደርግልኝ ቪም ላይ መድቤዋለሁ፤ ስጫነው ግን ስክሪኑ ሃንግ ያደርጋል። እንዲህ ሲገጥማችሁ ተርሚናሉን እንዳትዘጉት። ኮንትሮል ኪው ተጫኑ፣ ይለቃል። እስኪለቅ ሌላ ቁልፍ ባትነኩ ደግሞ ጥሩ ነው፤ የነካካችሁት ሁሉ ሲለቅ ይፈጸማልና። ቪም እዚህ ጥፋት የለበትም። ወረቀት ላይ ከሚያትሙት ከቴሌታይፕ ማሽኖች ዘመን የመጣ የ«ቁም» እና የ«ቀጥል» ምልክት ነው፤ ተርሚናሉ ዛሬም ያከብረዋል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ የባሽ (ተርሚናሉ ላይ ትእዛዞቻችንን የሚቀበለው ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኤስ ቲ ቲ ዋይ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ አይ ኤክስ ኦ ኤን ብላችሁ ጻፉ።

በጣም የገረመኝ ግን የኮንትሮል አይ ጉዳይ ነው። ለእሱ የሰጠሁት ሥራ ታብ ስጫንም ይፈጸማል። ምክንያቱ ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የአስኪ ሰንጠረዥ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮንትሮል ከፊደሉ ቁጥር ላይ 64 ይቀንሳል። አይ 73 ነው፤ 64 ሲነሳለት 9 ይቀራል። 9 ደግሞ ታብ ነው። ኤም 77 ነው፣ 13 ይሆናል፤ እሱም ኢንተር ነው። ስለዚህ ቪም ጋ የሚደርሰው ያው አንድ ቁጥር ነው፣ የቱን እንደተጫንኩ የሚለይበት መንገድ የለውም። እንደ ኪቲ ያሉ አዳዲስ ተርሚናሎች ለይተው የሚልኩበት ዘዴ አላቸው። በሌላው ላይ ግን ሌላ ቁልፍ መምረጥ ይሻላል።

አሁን ችግር ሲኖር መጀመሪያ ከቪም እወጣለሁ። ተርሚናሉ ላይ ካት (የጻፍነውን መልሶ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብዬ ኢንተር እልና ያንን ቁልፍ እጫናለሁ። ምንም ካልታየ፣ ቪም ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የያዘው አለ ማለት ነው። ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፋፍል ፕሮግራም) ውስጥ ኮንትሮል ቢ እንዲህ ነው። ቪም ላይ አንድ ገጽ ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት፣ ቲመክስ ግን ለራሱ ይወስደዋል። ሁለቴ ስትጫኑት ያሳልፈዋል። ካት ላይ ከታየ ደግሞ ጥፋቱ ቪም ውስጥ ነው። ቪም ውስጥ ቨርቦስ ማፕ ብላችሁ ቁልፉን ስታስከትሉ የትኛው ፋይል እንደቀየረው ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ አንድ ፕለጊን (ቪም ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ሌላም አለ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ኢስኬፕ ብለን መስመር የሚያጠፋውን ዲ ዲ ስንል መስመሩ አይጠፋም። ቪም ጋ የሚደርሰው «ድ» ነዋ! ለጊዜው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ነው ኢስኬፕ የምለው። አሁን የያዝኩት ከኢንሰርት ሞድ (ጽሑፍ ከሚጻፍበት ሁኔታ) ስወጣ አይባስ (የኪቦርድ ቋንቋ መቀያየሪያ ፕሮግራም) ኪቦርዱን ራሱ እንዲቀይርልኝ ማድረግ ነው። የሠራለት ካለ አጻጻፉን ያሳየኝ።