ከውጭ ሆኖ የገጠር ተማሪ መርዳት፦ ገንዘቡ የት ይግባ?

ነሐሴ ሲጋመስ በውጭ ያሉ የማኅበራትና የሰበካ ጉባኤ ቴሌግራሞች «ለአንድ ልጅ ደብተር» በሚል ጥሪ ይሞላሉ። ጥሪው ክፋት የለውም፤ ግን በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ የለም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ምገባውንም ዩኒፎርሙንም ደብተሩንም ከተማ አስተዳደሩ ያቀርባል። ከዋሽንግተን ወይም ከሲያትል የሚላከው ዶላር ትንሽ ከሆነ፣ እኔ ብጠየቅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይዋል እላለሁ።

የገጠር ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከቤቱ እየተመላለሰ ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ወረዳው ከተማ ላይ ነው፤ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ደግሞ በየቀኑ አይቻልም። ስለዚህ ልጆቹ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቅና ዓርብ የመማሪያ ክፍሉ በግማሽ ይጎድላል። አከራዩ ኪራይ የጨመረ ቀን ወንዱ የቀን ሥራ ይገባል፤ ሴቷን «ትዳር ይሻላታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ትምህርት የሚቋረጠው እንዲህ ነው እንጂ በደብተር እጦት አይደለም።

በጀቱ ሲሠራ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው አሥር ወር ይታሰብ። ትልቁ ወጪ ኪራይ ነው፤ ለልጁ በእጁ ከመስጠት ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ በየሦስት ወሩ ለራሱ ለአከራዩ መክፈል ይሻላል፤ ዓመቱ ሳያልቅ እንዳይጨምርም ውሉ ላይ ይግባ። ሴቶች ልጆች የሚገቡበት ክፍል ሲመረጥ ከውስጥ የሚቀረቀር በር፣ መብራትና ቅርብ መጸዳጃ መኖሩን አንዲት መምህርት ሄዳ ትይ። ቀጥሎ ወርኃዊ የእህልና የዘይት ድጎማ ይመጣል፤ ደብተርና ዩኒፎርም መጨረሻ ላይ ናቸው። ዩኒፎርሙ ተዘጋጅቶ ከሚገዛ ጨርቁ በጣቃ ተገዝቶ እዚያው ከተማ ያለ ልብስ ሰፊ ቢሰፋው ይረክሳል፤ እግሩና እጅጌው ላይ አራት ጣት ያህል እጥፋት ከተተወለት በዓመቱ ይለቀቅና ለሁለት ዓመት ይሆናል።

የወር አበባ ነገር እንዳይዘለል። ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባሉት መቀሌ ላይ በሚያመርቱት፣ ታጥቦ ደጋግሞ በሚያገለግል ሞዴስ ነው። ይህ ዓይነቱ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ርካሽ ነው፤ ግን ውኃ፣ ሳሙናና የሚሰጣበት ፀሐይ ይፈልጋል። ውኃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት የኪራይ ግቢ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ገመድ ላይ ልጅቷ አታሰጣውም። እዚያ የሚጣለውን መግዛት ግድ ነው።

ልጆቹን ማን ይምረጥ? ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት)፣ የክፍል ኃላፊው መምህርና የቀበሌ ተወካይ አብረው ይምረጡ፤ መስፈርቱ አስቀድሞ ይጻፍ፣ የስም ዝርዝሩም ከመጽደቁ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ውጭ ያለ ሰው ይየው። ይህ ካልሆነ ዝርዝሩ በዘመድ አዝማድ ይሞላል። «ይቺን ልጅ እኔ አስተምራታለሁ» የሚለው የፎቶና የደብዳቤ አሠራር ገንዘብ ለማሰባሰብ ይመቻል፤ ግን ለጋሹ ሥራ ሲያጣ ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ላይ ትቀራለች። ከተቻለ ገንዘቡ አንድ ላይ ይግባና ቡድኑ የጀመራቸውን ልጆች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለማድረስ ይዋዋል፤ አዲስ ልጅ የሚጨመረው የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። የተረዳን ልጅ ባነር ሥር አቁሞ ፎቶ ማንሳትም ይቅር። ማስረጃ የሚሆነው በየመንፈቁ የስም መጥሪያውና የሮስተሩ (የውጤት መዝገቡ) ኮፒ ነው።

ዕቃ ሲገዛ ከተለያዩ ነጋዴዎች ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰብሰብ፣ ክፍያውም በባንክ ይሁን። ነጋዴው «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስላችኋለሁ» ማለቱ አይቀርም፤ የሚቀንሰው 15 በመቶው ቫት ነው። እሺ ያለ ኮሚቴ ግን በዓመቱ ሒሳብ ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ለትምህርት ቤቱ የተሰጠ ዕቃ፣ ለምሳሌ መጽሐፍ ወይም ወንበር፣ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ተቀብሎ መመዝገቡን ጠይቁ፤ ኮፒውም ይላክላችሁ። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

አሜሪካ ያሉ ለጋሾች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ለግብር ብለው በታኅሣሥ ነው፤ የመጀመሪያው ኪራይ የሚከፈለውና ደብተር የሚገዛው ግን ነሐሴና ጳጉሜ ላይ ነው። በታኅሣሥ የገባውን ወዲያው ወደ ብር መለወጥ ጉዳት አለው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በዶላር ይቀመጥ፣ በየክፍያው ጊዜ በባንክ ይላክ። በጥቁር ገበያ የተላከ ገንዘብ ጥቂት ብር ይጨምር ይሆናል፤ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ሰነድ የለውም፣ ያለ ሰነድ ደግሞ ማኅበሩ ለአሜሪካው ግብር መሥሪያ ቤት መልስ አይኖረውም።

ስለ ግብሩ፦ አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት ወይም ግለሰብ በቀጥታ የላካችሁት፣ ለድርጅት ሰጥታችሁም «ለእገሊት ልጅ ይድረስ» ያላችሁት፣ ከግብር አይቀነስም። የሚቀነሰው 501(ሐ)(3) የሚባል የበጎ አድራጎት ፈቃድ ላለው የአሜሪካ ድርጅት፣ አጠቃቀሙን ለእሱ ትታችሁ የሰጣችሁት ነው። ከ250 ዶላር ጀምሮ ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ የባንክ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ተቀናሽ በዝርዝር የማያቀርብ ሰውም በቼክ ወይም በካርድ ከሰጠው እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ከሞሉ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላል። ትንንሽ ማኅበራትን የሚጥላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ዓመታዊ ገቢያቸው ብዙ ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማያልፍ በኢንተርኔት የሚሞላ አጭር ቅጽ፣ 990-ኤን፣ ማስገባት አለባቸው። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያልሞላ ማኅበር ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል። ገንዘብ ያዡ ሲቀየር የሚረሳው ይኸው ነው። ሰላሳ አርባ ሰው ብቻ ከሆናችሁ የራሳችሁን ድርጅት ከማቋቋም ፈቃድ ባለው ድርጅት ሥር ሆናችሁ መሥራት ይሻላችኋል፤ ጥቂት በመቶ ይወስዳል፣ ወረቀቱን ግን እሱ ይጨርሳል።

አገር ቤት የምትሠሩበት ድርጅት ደግሞ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን እዩ። አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል፤ ስለዚህ «መቶ በመቶ ለልጆቹ ነው» ከሚላችሁ ይልቅ «ይህን ያህል ለሒሳብ ሠራተኛና ለትራንስፖርት» ብሎ የሚያሳያችሁን እመኑ።

ኮንቴይነር መላክን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ይቅርባችሁ። ሰልባጅ ልብስ ማስገባት ክልክል ነው፣ ከቀረጥ ነፃ ፈቃዱ ሳይወጣ የደረሰ ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ የማከማቻ ኪራይ ይቆጥርበታል፣ የእንግሊዝኛ ልቦለድም በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ማንበብ ለሚለማመድ ሦስተኛ ክፍል አይሆንም። ኮምፒውተር መላኩ ካልቀረ ሳይታሸግ ጀርባው ይታይ። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ «100–240 ቮልት» ተጽፎበታል፤ ችግር የለውም። አሮጌ ዴስክቶፕ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ አጠገብ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይኖረዋል፤ 230 ላይ ካልተደረገ በኢትዮጵያ 220 ቮልት መጀመሪያ የተሰካ ዕለት ይቃጠላል። 110 ቮልት ብቻ የተጻፈበት ፕሪንተርማ ከነጭራሹ አይላክ።