ሳራዬቮ፦ ቢጫው ሆቴልና የምድር ቤቱ ጋዜጣ

ከሙኒክ እስከ ቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ነው። ስለ መንገዱ የማወራው የለኝም፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ እስኪነጋ አንኮራፋብኝ። ሲነጋ ደግሞ ባለታክሲው በእግር ለሚደረስ መንገድ 30 የቦስኒያ ማርክ ተቀበለኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ድሮ ሆሊዴይ ኢን ይባል የነበረውን ቢጫ ሆቴል ነው። ለ1984ቱ የክረምት ኦሎምፒክ የተሠራ ነው። ከተማዋ ከ1992 እስከ 1996 በቦስኒያ ሰርብ ኃይሎች ስትከበብ የውጭ ጋዜጠኞች የከተሙት እዚህ ነበር። በተኳሾቹ በኩል ያሉት ክፍሎች አይታደርባቸውም፤ ሁሉም የጀርባውን ይሻማል። በዋናው በር መግባት አይታሰብም። መኪናውን አክንፎ ምድር ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ጥልቅ ነው። የሲኤንኤኗ ካሜራ ባለሙያ ማርጋሬት ሞዝ በ1992 ፊቷን በጥይት የተመታችው ተኳሾቹ ያነጣጥሩበት በነበረው፣ በሆቴሉ ፊት በሚያልፈው ጎዳና ነው። ስንትና ስንት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ተመልሳ እዚሁ ሥራዋን ቀጠለች።

ትራም ውስጥ አንድ አዛውንት በጀርመንኛ አዋሩኝ። ወጣት ሳሉ ሽቱትጋርት ሠርተዋል። የ«ኦስሎቦጄንዬ» ጋዜጣን ሕንጻ ቦታ እንደምፈልግ ስነግራቸው የራሳቸውን ፌርማታ አልፈው አብረውኝ ወረዱ። ፍርስራሹ የለም፤ ሌላ ሆቴል ቆሞበታል።

የጋዜጣው ሕንጻ በከበባው ጊዜ በመድፍ ሲወድም ሠራተኞቹ ከሥሩ ባለው የኑክሌር መጠለያ ገብተው ማተሙን ቀጠሉ። ሰርብ፣ ክሮአት፣ ሙስሊም ሳይሉ። መመላለሱ ለሕይወት ስለሚያሰጋ አንዴ የገባ ሳምንቱን እዚያው ይሠራል። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር ነው፤ ያውም ነዳጅ ከተገኘ። እኔ የቢሮዬ ማሞቂያ አንድ ቀን ከተበላሸ ወደ ቤቴ ነኝ።

ስለ ቢጫው ሆቴል ብዙ ተወርቷል። እኔን የገረሙኝ ግን እነዚህ የምድር ቤቱ ጋዜጠኞች ናቸው። የውጭው ዘጋቢ ሲመረው የተመድን አውሮፕላን ይጠብቃል። የእነሱ ቤት፣ ሚስትና ልጅ እዚያው ከበባው ውስጥ ነው። የውጮቹን ማሳነሴ አይደለም። የሮይተርሱ ከርት ሾርክ በ2000 ሴራሊዮን ውስጥ ተገደለ፤ ከአመዱ ግማሹ የተቀበረው እዚሁ ሳራዬቮ፣ በከበባው ጊዜ አብረው በተገደሉና እሱ ዜናቸውን ለዓለም ባደረሰላቸው ሁለት ፍቅረኞች አጠገብ ነው።

ሽማግሌው ቡና ካልጋበዝኩህ አሉኝ። ስኳሯን ቡናው ውስጥ ነከር፣ ነከስ፣ ከዚያ ፉት። በከበባው ጊዜ አንዱን ጋዜጣ ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ ያነበው ነበር አሉ። መጀመሪያ የሚያዩት የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ዛሬም ጋዜጣ የሚጀምሩት ከዚያው ገጽ ነው። ሂሳቡን ልክፈል ብል ተቆጡኝ።