«ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበሩ?»

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ነው። ለስትሮክ ሕመምተኞች በብሽሽት በኩል ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ገብቶ ከአንጎል ደም ሥር የረጋ ደም የሚወጣበት ክፍል ነርስ ነኝ። ይህ ሕክምና የሌላቸው ሆስፒታሎች ሕመምተኛ ከመላካቸው በፊት ይደውሉልናል።

አንድ ምሽት የመጣው ስልክ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ደዋዩ ወጣት ሐኪም ነው። ሕመምተኛዋ ዕድሜያቸው ስልሳዎቹ ውስጥ ያለ እናት ናቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አፋቸው ተይዟል። በግራ በኩል ያለው ትልቅ የአንጎል ደም ሥር መዘጋቱ በሲቲ ስካን ታይቷል። እስከዚህ ድረስ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ።

«ግን አራተኛ ደረጃ የሳንባ ካንሰር አለባቸው።»

ስካኑ ከተነሳ አንድ ሰዓት አልፎታል። ለካ ፋይላቸው ላይ ካንሰር የሚለውን ካዩ በኋላ፣ እንደውል አንደውል እያሉ ሲከራከሩ ቆይተዋል። በጣም ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋስ ይሞታል።

ተረኛዋ ሐኪማችን ስለ ካንሰሩ አንድም ነገር አልጠየቀችም። «ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበሩ?» አለች። ደዋዩ አያውቅም። ልጃቸው አጠገቡ ስለነበረች ስልኩን ሰጣት።

«ባለፈው ሳምንት?» አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት። «ደህና ነበረች እኮ! ቅዳሜ ቤታችን ማኅበር ነበር፣ ወጡን የሠራችው እሷ ናት። የካንሰር መድኃኒቷን በቀን አንድ ፍሬ ትውጣለች፣ በቃ። ሁለት ዓመት ሆናት።»

«አሁኑኑ ላኩልን» አለች ሐኪሟ።

አራተኛ ደረጃ፣ ማለትም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨ፣ ሲባል ብዙ ሰው፣ የሕክምና ባለሙያም ጭምር፣ ያለቀለት ነገር ይመስለዋል። አንዳንድ የሳንባ ካንሰር ግን ዛሬ በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ለዓመታት ሊገታ ይችላል።

እናትየው ሲደርሱ ልጅቷ የመድኃኒት ብልቃጥ ጨብጣ ነበር። ሐበሻ መሆኔን ስታይ «እህቴ፣ ይሄን ጠዋት ወስዳለች፣ ንገሪያቸው» አለችኝ። አፒክሳባን ነው፣ የደም ማቅጠኛ። ቀደም ሲል እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ነበር። ካንሰር ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ ይህን ያስተማሩት እ.ኤ.አ. በ1865 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሳቸውም በጨጓራ ካንሰር ሞቱ። ማቅጠኛ እየተወሰደም ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ማቅጠኛ በቅርቡ የወሰደ ሰው ደግሞ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መርፌ ቢወጋ አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ መርፌው ቀረ። የተረፈው መንገድ በካቴተር ማውጣት ብቻ ነበር።

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ሙከራ ባዶውን ተመለሰ። ሁለተኛው ትንሽ ቁራጭ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሐኪሟ የሽቦ መረቡንና መምጠጫውን አንድ ላይ ተጠቀመች፤ ደም ሥሩ ተከፈተ። የወጣውን ነጭ ፋሻ ላይ አስቀመጥኩት። አብዛኛውን ጊዜ የማየው ጥቁር ቀይ፣ በወረንጦ ሲነኩት የሚፈርስ ነው። ይሄኛው ነጣ ያለ ግራጫ ነበር። ስጎትተው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ እንጂ አልተቆረጠም። ከካንሰር ጋር የሚመጣ የረጋ ደም ብዙ ጊዜ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት) እና ፋይብሪን (የረጋውን ደም እንደ ክር የሚያያይዝ ፕሮቲን) ይበዛበታል፣ ቀይ የደም ሕዋሱ ያንሳል። የሙጥኝ የሚለውም ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ማጋነን አልፈልግም። ይህ ሕክምና የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2015 አምስት ጥናቶች ጥቅሙን ካሳዩ በኋላ ነው። ብዙ ዕድሜ አልቀራቸውም የተባሉ ሰዎች ግን በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ብዙም አይካተቱም። ከዚያ ወዲህ እንደታየው፣ ካንሰር ባለበት ሰው ላይም ደም ሥሩን መክፈት በአብዛኛው ይሳካል። በሦስት ወር ውስጥ የሚሞቱት ግን ከሌላው ይበዛሉ። ካንሰሩ አልጠፋማ።

የእናትየው ቀኝ እጅ እንደ ድሮው አልሆነም። አፋቸው ግን ተፈታ። መጀመሪያ ነጠላ ቃል፣ ከዚያ አጫጭር አረፍተ ነገር። ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የካንሰር ሐኪማቸው «ዳግም ቢመጣስ ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ራሳቸው መለሱ። «ያውጡልኝ። ማሽን ላይ ግን አታቆዩኝ።» ልጆቻቸው ባሉበት ፋይላቸው ላይ ተጻፈ። ለእኔ የዚያ ሌሊት ድካም ትልቁ ፍሬ ይሄ ነው፤ ስለ ራሳቸው ራሳቸው መናገር ቻሉ።

አሁን ስልክ የምንቀበልበት ፎርም ላይ የሐኪሟ ጥያቄ ከዕድሜ ቀጥሎ ገብቷል። መልሱ ሁልጊዜ «ላኩልን» አያሰኝም። ወር ሙሉ ከአልጋ ያልተነሱ፣ ምግብም የተዉ አንድ አባት ነበሩ። ልጆቻቸው ከሐኪሟ ጋር በስልክ በደንብ ተነጋግረው ባሉበት ይቆዩ አሉ። እሱም ልክ ነበር።

ቤታችሁ ካንሰር የሚታከም ሰው ካለ፣ አፉ ሲጣመም ወይም እጁ ድንገት ሲዝል «ያው ሕመሙ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው 911 ደውሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ንገሩ። ራሱን ችሎ ይራመድ፣ ይበላ ከነበረ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የመድኃኒት ብልቃጦቹንም ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ማቅጠኛውን፣ ከተወሰደበት ሰዓት ጋር።