ይፈልገኛል ወይስ አይፈልገኝም? እንዴት እንደለየሁት

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እሱም እዛው ሰፈር ነው። ማታ ማታ ይደውላል፣ እስከ እኩለ ሌሊት እናወራለን፣ "ያላንቺ ቀኑ አይመሽልኝም" ይለኛል፣ ከዛ ድንገት ድምፁ ይጠፋል። ስጽፍለት አይመልስም፣ ስቶሪዬን ግን ከሁሉም ቀድሞ ያያል። ሰንበት ብሎ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ "የት ጠፋሽ?" ብሎ ብቅ። እውነት እንቅልፍ ይነሳል።

መጀመሪያ በቴሌግራም መፍረድ አቆምኩ። ሁለት ራይት ማለት መልእክቱ ተከፍቷል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ላስት ሲኑን የደበቀ ሰው ላይ የሚመጣው "ላስት ሲን ሪሰንትሊ" ደግሞ አሁንም ሊሆን ይችላል፣ ከትናንት ወዲያም ሊሆን ይችላል።

ከዛ ይልቅ በቀን፣ ሰው ባለበት ምን እንደሚያደርግ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ የሽንኩርቱን ፌስታል ተቀብሎኝ እየተሳሳቅን ነበር፣ ታክሲ ተራው ጋ የመስሪያ ቤቱ ልጅ ከፊት ሲመጣ ፌስታሉን ቶሎ ብሎ እጄ ላይ መለሰና ፈቀቅ አለ፣ "ጎረቤቴ ናት" ብሎ አስተዋወቀኝ። ከዛ ሁሉ የሌሊት ወሬ ያቺ ፌስታል የበለጠ ነገረችኝ።

በሷ ብቻ ግን አልፈረድኩም፣ ሰው ኑሮ ከብዶትም ይሸሻል፣ የቤት ኪራዩ የሰርጉ ወጪ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጠየቅኩት። ሁዳዴ ነበር፣ 55ቱ ቀን እስኪያልቅ ሰርግ የለም፣ "ከፋሲካ በኋላ እነ አባዬ ጋ ሽማግሌ ትልካለህ? ችግሩ ገንዘብ ከሆነ እጠብቅሃለሁ፣ ብቻ ጊዜውን ንገረኝ" አልኩት፣ በአካል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቡና ይዘን።

"ምን አስቸኮለሽ፣ ቀስ ብለን እናየዋለን" አለኝ። ለከርሞም ቢሆን ቀን ቢቆርጥልኝ እጠብቀው ነበር፣ ከምሬ ነው። ቀን የሌለው መልስ ግን ለኔ እምቢታ ነው፣ ይሄንኑ እዛው ነገርኩት፣ የማታ ስልኩንም ማንሳት ተውኩ። አልቅሻለሁ፣ እማዬ አጠገቤ ሆና አሳለፈችኝ።

እንደኔ ግራ የገባሽ ካለሽ ጥያቄውን በቴክስት እንዳትልኪው፣ አስቦ አሳምሮ ነው የሚመልስልሽ። ፊቱን እያየሽ ጠይቂው፣ ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ ዝም በይ፣ ዝምታው ጨንቆሽ መልሱን አንቺ እንዳትመልሺለት። እኔ "ገባኝ፣ ስራ በዝቶብህ ነው አይደል" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነው የዋጥኩት።