ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቼ ሶላትን እንዴት እንዳስቀደምኩ

ደሴ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። «አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው ይህን ሥራ እንዴት ይሠራል?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ ነው። አንዳንዱ መልሱን ወስኖ ነው የሚመጣው። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ እኔም ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ብዙ አሰላስዬዋለሁ። እንዴት እንደሠራሁትና ምን እንደተማርኩበት እዚህ ልንገራችሁ። ጌም የሚወድ ወጣትም፣ ልጁ ስክሪን ላይ የሚያድርበት ወላጅም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው ከገዛ ቤቴ ነው። አባቴ ሐሳቤን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «የሰው ልጅ ሶላት እያስመለጥክ የምታመጣውን ብር እዚህ ቤት እንዳታስገባብኝ» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ድሮ ሰፈራችን የነበረውን ጌም ቤት ነው። ጨለማ ክፍል፣ የሲጋራ ጭስ፣ የእናት ስድብ፣ ከትምህርት ቤት የፎረፉ ልጆች። አዛን ሲል ድምፅ እንኳን የማይቀንሱበት ቤት ነበር። «እንግዲያው ኡስታዝ ጋ አብረን እንሂድ፤ የለም ካሉ እተወዋለሁ» አልኳቸው። ተስማሙ።

ኡስታዛችን ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) የሚያስቀሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሐራም ወይም ሐላል ብለው ቶሎ ይገላግሉናል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄ ጀመሩ። «ልጆቹ የሚጫወቱት ምንድን ነው? ብሩን ማን ይከፍላል? የተሸነፈው ምን ይሆናል? አዛን ሲል ቤቱ ውስጥ ምን ይደረጋል? ስክሪኑ ላይ የሚታየውስ?» አንድ በአንድ መለስኩ። ከዚያ የቼዝን ነገር አመጡልን።

ዑለሞች (የሃይማኖት ሊቃውንት) በቼዝ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። ብዙዎቹ ሐራም ብለውታል። ከፊቅህ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒይ መዝሀብ ግን መክሩህ ነው፤ ማለትም የሚጠላ ነገር ሆኖ ሐራም ደረጃ ግን አይደርስም። የዚህ መዝሀብ ትልቅ ዓሊም ኢማም ነወዊ ስለ ቼዝ ተጠይቀው ሲመልሱ ሁለት ነገር ለይተው አስቀምጠዋል። ሶላትን ከወቅቱ ካሳለፈ ወይም ገንዘብ ከተያዘበት በሻፊዒይዎቹም ዘንድ ሐራም ይሆናል። ዳይስ የሚጣልበት ነርድ የሚባለው ጨዋታ ደግሞ በሶሒሕ ሙስሊም በመጣው ሐዲስ በጣም ከባድ ቃል ተነግሮበታል። «የአንተን ቤት በዚህ መዝን» አሉኝ ኡስታዝ። «ገንዘቡንና ሶላቱን ካስተካከልክ፣ የሚታየውን ካጠራህ፣ ሥራህን ሐራም ለማለት እኔ ማስረጃ የለኝም። ካላስተካከልክ ግን አባትህ ያሉት ነው ትክክሉ።»

አባቴን ያለሰለሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የተነሳው ሐዲስ ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ረሱል ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም እናታችን ዓኢሻን በልብሳቸው ከልለው፣ እሷ እስኪበቃት ድረስ አሳዩዋት። ዑመር ሊከለክሏቸው ሲሉ ደግሞ «ተዋቸው» አሏቸው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አባቴ ይህን ሐዲስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የሐበሻ ስም ስላለበት ይወዱታል። ያን ቀን ግን ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ እንዳሉህ አድርግ። እኔም እየመጣሁ አያለሁ» አሉኝ። መጥተውም አይተዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

የጀመርኩት ከገንዘቡ ነው። ጌም ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለውን ሕግ ያውቀዋል። ሁለት ልጆች ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈው የሁለቱንም ሂሳብ ይዘጋል። ልጆቹ ቁማር ነው ብለው አያስቡትም። ለነሱ ጨዋታውን የሚያሞቅ ነገር ነው። ግን ሁለቱም ወይ ሊያተርፉ ወይ ሊከስሩ የገቡበት ውል ነው፤ ቁማር የሚባለውም ይኸው ነው። አላህ በሱረቱል ማኢዳ ሸይጧን በመጠጥና በቁማር በመካከላችሁ ጠብና ጥላቻ ሊጥል፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላትም ሊያግዳችሁ ይሻል ይላል። ጠቡን ለማየት ማንም ደሴ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም፤ በየጌም ቤቱ አለ። የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ጎል የገባበት ልጅ ብር ሊከፍል መሆኑን ሲያስብ ጓደኛውን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ስለዚህ ክፍያውን ከጨዋታው ነጠልኩት። እኔ ቤት የሚከፈለው በደቂቃ ነው። ጆይስቲክ የሚይዝ ሁሉ የራሱን ቀድሞ ይከፍላል። ያሸነፈም የተሸነፈም እኩል ነው። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው «በእገሌ ያዝኩ» ካለ በትሕትና ይሸኛል። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ቀንሷል። ጎበዝ የሚባሉት ልጆች በነጻ መጫወት ለምደው ስለነበር ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። በምትካቸው ግን ታናናሾቹ መጡ። ሁልጊዜ እየተሸነፉ ሲከፍሉ የኖሩት እነሱ ነበሩ።

ውድድር ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተጫዋቾቹ ብር አዋጥተው አሸናፊው የሚወስደው ከሆነ ያው ቁማር ነው። ሽልማቱን ከኪሴ ባወጣስ? በዚህ ዑለሞች ይለያያሉ። በሽልማት መወዳደር ለግመል፣ ለፈረስና ለቀስት ብቻ መፈቀዱን የሚናገር ሐዲስ ስላለ ብዙዎቹ ሌላውን ይከለክላሉ። «የሚያጠራጥርህን ትተህ ወደማያጠራጥርህ ሂድ» የሚለውን ሐዲስ ያዝኩና ተውኩት። በዒድ ውድድር አለን፤ ሽልማት የለውም። አሸናፊው ስሙ ግድግዳው ላይ ይጻፋል። ልጆቹ ለዚያ ስም የሚታገሉትን ብታዩ ብር ለምን እንደሚያስፈልግ ይጠፋችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ወላጆች አያውቁትም። አሁን የኳስ ጌሞቹ ውስጥ «ፓክ» የሚባል አለ። በእውነተኛ ብር ይገዛል፤ ውስጡ የትኛው ተጫዋች እንዳለ ግን አይታወቅም። ዕድል ከሰጠህ ኮከብ ታወጣለህ፣ ካልሰጠህ ብርህ ቀለጠ። ቤልጂየም በፈረንጆቹ 2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ቁማር ነው ብላ ስለወሰነች፣ የፊፋ ጌም አምራቹ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር ፓክ የሚገዛበትን የጌሙን ገንዘብ መሸጥ አቁሟል። እስላማዊ ያልሆነ መንግሥት ቁማር ያለውን እኔ ጨዋታ ነው ብዬ ማለፍ ከበደኝ። የእኔ ኮንሶሎች ላይ ፓክ አይገዛም።

ሶላት ላይ ስመጣ ትልቁ ሥራ ሰዓት ማደራጀት ነበር። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሶላት ወቅቶቻችን በዓመት ውስጥ ብዙ አይዋዥቁም። የከሰዓቱ የአስር ሶላት 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። መግሪብ (የምሽቱ ሶላት) ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት መካከል ይውላል። ይህ ለሚያቅድ ሰው ትልቅ ኒዕማ ነው። የኳሱን ጌም አንድ አጋማሽ 5 ደቂቃ እንዲሆን አድርጌ አስተካከልኩት። እንደዚያ ሲሆን ሙሉ ጨዋታው ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ አዛን ሊል 20 ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ጨዋታ አይጀመርም። አዛን ሲል ማንም መሐል ጨዋታ ላይ አይደለም፤ «አንዴ ልጨርስ» የሚባል ነገር የለም። ብዙ ልጅ ሶላት የሚያመልጠው በዚያች «አንዴ» ነው። ሰው ሶላትን ንቆ አይደለም፤ በ80ኛው ደቂቃ 1 ለ 1 ሆኖ መነሳት ከባድ ስለሆነ ነው። ያን ትግል ከልጁ ላይ ማንሳት የእኔ ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ።

መግሪብና ኢሻ (የማታው የመጨረሻ ሶላት) መካከል ያለው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለጌም ቤት ግን ገበያው የሚደራው ያኔ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ነጻ ይሆናል። እኔ ያንን ሰዓት ሙሉውን ዘጋሁት። ያ ሰዓት በእኛ አካባቢ የቂርኣት፣ ማለትም የሃይማኖት ትምህርት ሰዓት ነው። ልጆቹን ከኡስታዝ ፊት ነጥቄ ስክሪን ፊት ማስቀመጥ አልፈልግም። ከኢሻ በኋላ ከፍቼ 3 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። አርብ ደግሞ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ዝግ ነው። የገቢውን መቀነስ አልደብቅም፤ ይሰማል። ግን ከዚያ ወዲህ ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው ያመጡልኝ ጀመር። የት እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ያውቃሉ።

ደሴ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ነው የሚያድገው፤ ደንበኞቼም እንደዚያው ናቸው። ክርስቲያኖቹ ልጆች ስንዘጋ አብረው ይወጣሉ። የቀረ ደቂቃቸው ደብተር ላይ ይመዘገብላቸዋል። ቅር ያለው የለም። እንዲያውም አንዱ አለ፤ ሰዓቱን ከእኔ ቀድሞ አይቶ «በሉ ተነሱ፣ አዛን ሊል ነው!» እያለ የሚያስነሳልኝ።

ረመዳን ለብቻው ነው። ጾሙን ለመግፋት ብሎ ቀኑን ሙሉ ጌም ላይ መዋል የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው። ኡስታዝን ሳማክራቸው ጾሙ አይበላሽም፣ ምንዳው ግን ይሳሳል አሉኝ። ስለዚህ ከዙህር እስከ አስር ብቻ እከፍታለሁ። ማታ ተራዊህ (የረመዳን የማታ ሶላት) ስላለ ዝግ ነው። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ጨርሶ አልከፍትም። በዒድ ቀን ግን ከሶላት መልስ እስከ ማታ ቤቱ ይሞላል።

የሚታየውን ማጥራት ከሁሉም የሚያከራክር ነው። ጂቲኤን አላስገባም። ስርቆት፣ ዝሙትና ግድያ የሚያዝናና ሥራ ሆኖ የቀረበበት ነው፤ ደንበኞቼ ደግሞ ልጆች ናቸው። የኳስና የመኪና ጌሞች ላይ ሙዚቃውን ከሴቲንግ ዜሮ አደርገዋለሁ። የተመልካቹ ጩኸት ይቀራል፤ እሱ ይበቃል። አዲስ ነገር ሲጫን ደግሞ መጀመሪያ ራሴ አየዋለሁ። ምክንያት አለኝ። በፈረንጆቹ 2020 ፐብጂ በሚባለው የተኩስ ጌም ውስጥ ገጸ ባሕሪው ለጣዖት የሚያጎነብስበት ጨዋታ ጨምረው ነበር። ሙስሊሞች ሲቃወሙ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አነሳው። በ2021 ደግሞ ኮል ኦፍ ዱቲ በሚባል ሌላ የተኩስ ጌም ውስጥ የቁርኣን ገጾች መሬት ላይ ተበትነው ታዩ፤ እነሱም ይቅርታ ጠይቀው አወጡት። ጥሩ ነው፣ አወጡት። ግን ከመውጣቱ በፊት ስንት ልጅ ረግጦት አለፈ?

እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት አገር እየጠቀሱ ይሞግቱኛል። አንዱ «የኢንዶኔዥያዋ አቼ ዑለሞች በፈረንጆቹ 2019 ፐብጂንና መሰሎቹን ሐራም ብለዋል» ይለኛል። ሌላው «ሪያድ በ2024 የዓለም የኢስፖርት ዋንጫ አዘጋጅታለች፤ በ2018 የፊፋ ጌም የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የሳዑዲ ልጅ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሪያድ ውድድር አለ ማለት ፈትዋ (የዑለሞች ብይን) አይሆንም። የአቼ ፈትዋም ተኩስ ያለበትን ጌም እንጂ የኳስ ጌምን ለይቶ አልተናገረም። እኔ የማየው አንድን ጌም፣ ከአንድ ልጅ ጋር፣ በአንድ ሰዓት ላይ ነው። «ጌም ሐራም ነው» ወይም «ጌም ሐላል ነው» የሚል ጅምላ ቃል ሥራዬ ላይ አልረዳኝም።

አሁን የሚያሳስበኝ ከእኔ ቤት ውጭ ያለው ነው። ስልክ ላይ የሚጫወቱት ፐብጂና ፍሪ ፋየር ኦንላይን ስለሆኑ ፖዝ አይደረጉም። ቡድን አለ፤ አንዱ ከተነሳ ሌሎቹ ይሸነፋሉ። የኮንሶል ጌም ላይ አዛን ሲል ቁልፍ ተጭነህ ትሄዳለህ፤ እዚያ ግን ጓደኛህን ከድተህ ነው የምትሄደው። የሌሊት የኢንተርኔት ፓኬጅ ረከስ ስለሚልም ጨዋታው ወደ ሌሊት ይሄዳል። ረሱል ከኢሻ በኋላ ወሬ ይዞ መቀመጥን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ መጥቷል። ሌሊት 8 ሰዓት የተኛ ልጅ ለንጋቱ ሶላት ለሱብሂ እንዴት ይነሳል?

አንዲት የጎረቤት እናት በዚሁ ጉዳይ መጥታ አማከረችኝ። ልጇ ሱብሂን መተው ከጀመረ ቆይቷል። ስልኩን ልስበረው ወይ አለችኝ። «ኧረ አብሽሪ፣ አትስበሪው» አልኳት። የነገርኳት ይህን ነው። ከኢሻ በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትየውም ጭምር፣ ሳሎን አንድ ቦታ ይደር። የአባትየው ከሌለበት ልጁ ቅጣት ነው የሚመስለው። ፓኬጁ የቀን ይሁን። የሚጫወትበት ሰዓት ከአስር በኋላ ይሁንለት፤ እስከ መግሪብ ሦስት ሰዓት ገደማ አለ፣ ለጥናትም ለጨዋታም ይከፈላል። ከማን ጋር እንደሚጫወት ስማቸውን ትወቅ። ከተቻለም እናቶቻቸውን ታናግር፤ ቡድኑ በአንድ ሰዓት ከተነሳ ማንም ማንንም አይከዳም።

የመጨረሻውን አድርጋዋለች። የአራት ቤት እናቶች ተነጋግረው ልጆቹ መግሪብ ሳይደርስ እንዲያቆሙ ተስማምተዋል። ልጇን ሱብሂ ጀመዓ ላይ አንዳንድ ቀን አየዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። አባትየው ግን ስልኩን ሳሎን ለማሳደር እስካሁን አልተስማማም፤ እሱን ኡስታዝ እንዲያናግሩልኝ ልጠይቃቸው ነው።