በረመጥ የሚበስል ወጥ፣ ውሃ የማይተኛበት ጓሮ

ጎጃም ውስጥ የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያይለው ከቀትር ወዲያ ነው፤ ረፋዱ ለጓሮ ይተርፋል። ድስቱን ጠዋት ረመጥ ላይ ጥዶ ዶማ ይዞ መውጣት የሚመቸውም ለዚህ ነው። ቀስ ብሎ የሚበስል ወጥ ሥራው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ማየት ይበቃዋል። ጓሮውም እንደዚያው፤ ቦዩ በግንቦት ካልተቆፈረ የሐምሌው ድካም ብዙም አያድነውም።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለችና ወደ 92 ይወርዳል። እሳት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ከመተማ ቆላ የመጣ እንግዳ የደብረ ማርቆስ ሽንብራ አልበስል ብሎት ቢማረር እውነቱን ነው። ደጋ ላይ ጥራጥሬ የሚያበስለው ሰዓት ነው።

ለፍልሰታ ጾም የሚሆን፣ ስድስት ሰው የሚያጠግብ ሽንብራ በጎመን እንዲህ ይሠራል። 2 ኩባያ ሽንብራ ታጥቦ በሦስት እጥፍ ውሃ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ጠዋት ውሃው ይደፋና በአዲስ ውሃ 15 ደቂቃ ይንተከተካል። ጎን ለጎን 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ በሸክላ ድስት ያለ ዘይት፣ በለስላሳ እሳት 20 ደቂቃ ይቁላላ፤ መያዝ ሲጀምር ጠብታ ውሃ ይበቃዋል። ከዚያ ግማሽ ኩባያ የኑግ ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይገባል። በርበሬው ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውሃ እየጠጣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይብሰል፤ እዚህ ላይ የተቻኮለ ወጥ ሦስት ሰዓት ቢቆይም የጥሬ በርበሬ ሽታ አይለቀውም። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተወቅጦ ይጨመር፤ ሽንብራው ይግባ፤ የፈላ ውሃ ከሽንብራው ሦስት ጣት ከፍ እስኪል ተደርጎ ይከደን። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሸክላን ይሰነጥቃል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ለማውጣት 45 ደቂቃ ሲቀር 4 ድንች ለሁለት ለሁለት ተቆርጦ፣ 25 ደቂቃ ሲቀር አንድ እስር ጎመንና ጨው ይገባል። ቲማቲም የሚወድ ሽንብራው ከለሰለሰ በኋላ ይጨምር፤ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣው እህሉን እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። በሶብላና መከለሻ መጨረሻ ላይ ነው። በሦስት ሰዓት አልበስል ያለ ሽንብራ ብዙውን ጊዜ ጎተራ የከረመ ነው፤ ከዚያው ሽንብራ ለሚቀጥለው ሲዘፈዘፍ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበት።

እሳቱን በተመለከተ፣ ድስቱ የሚጣደው ከሰሉ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው። ፍሙ ወደ ዳር ይገፋ፤ አመድ በስሱ ይነስነስበት። በየ45 ደቂቃው ሌላ ቦታ የተቀጣጠሉ ሦስት አራት ፍሞች መጨመር፣ ጥቁር ከሰል አንዴ ከመከመር ይሻላል፤ የተከመረው መጀመሪያ እሳቱን ያፍናል፣ ሲነድ ደግሞ ወጡን ያሳርራል።

ዝናብ ሲመታ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭስ አይታይም ብሎ መተማመን አይቻልም። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ሲጀምር ምድጃው ላይ ከመጨነቅ በፊት ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ሌሊቱን ይብሰል ብሎ ምድጃውን መኝታ ቤት ማሳደር ፈጽሞ አይሞከርም።

ዘመድ ከውጭ ቀስ አድርጎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት የላከላችሁ ከሆነ ሽሮውንም ምስሩንም ይችላል። ቀይ ቦሎቄ ግን በቀጥታ አይከተትበትም። ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ ከባድ ትውከት የሚያመጣ መርዝ አለ፤ ዝቅተኛ ሙቀት አያጠፋውም። ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ምድጃ ላይ 30 ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ይግባ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ የቆየ ሥጋ ወጥ ማሞቅ አያድነውም፤ ይደፋ።

ወደ ጓሮው ስንሄድ፣ በቢቸናና በደጀን በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ውሃ ይይዛል፤ የአዊው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ነገር ግን አሲዳማነት ያጠቃዋል። ለዋልካ መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው፦ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር፣ በመደብና በመደብ መካከል 40 ሴንቲሜትር ቦይ። ቦዩ መውጫ ይኑረው፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። የታች ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ጎመን ሲታይ ብዙ ሰው ዩሪያ ይበትናል። ሥሩ ተነቅሎ ቡናማ ሆኖ የሚሸት ከሆነ የታመመው በውሃ ነው፤ ዩሪያውም ታጥቦ ይሄዳል። ቦዩ ይከፈት፣ አንድ ሳምንት ይጠበቅ፣ ማዳበሪያው ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

ለቀይ አፈር የምድጃው አመድ ይጠቅማል። የእንጨትና የከሰል አመድ አሲዱን ያበርዳል፣ ፖታሽየምም አለው፤ ዝናብ ካገኘው ግን ፖታሽየሙ ታጥቦ ስለሚሄድ ከጣሪያ ሥር ይቀመጥ። ለአንድ ካሬ ሜትር በዓመት አንድ ሁለት እፍኝ ይበቃል። ከፍግ ወይም ከዩሪያ ጋር አብሮ አይበተን፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል። ፌስታል የተቃጠለበት አመድ ጓሮ አይገባም። ድንች መደብ ላይም አይደረግ፤ አሲዱ ሲቀንስ የድንቹን ልጣጭ እከክ የሚያስመስለው በሽታ ይበረታል።

ያበሻ ጎመን በመጀመሪያው ዝናብ በቆየ ፍግ ላይ ይዘራል፤ አዛባ ሥሩን ያቃጥለዋል። በሦስተኛው ሳምንት የሳሳው ለወጥ ይሁን፤ የቀረው በ30 ሴንቲሜትር ይራራቅ። ቅጠሉ ከታች ይቀነጠባል፣ ላይኛው አምስት ስድስቱ ይተዋል። ጤዛው ሳይረግፍ አትንኩት፤ ከቅጠሉ ጠርዝ ወደ መሃል እየጠበበ የሚገባ ቢጫ የሚያመጣው በሽታ በእርጥብ እጅ ይዛመታል።

ድንች በ75 ሴንቲሜትር መስመር፣ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ይተከላል፤ አፈር ካልታቀፈለት ፀሐይ ያየው አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ ለምግብ አይሆንም። ጭጋግ በበዛበት ሳምንት ቅጠሉ ጥቁር ነጥብ ካወጣና በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ነጭ ሻጋታ ከታየ ወዲያው ወደ መቆፈር አትሩጡ። ግንዱን ከመሬት አጭዳችሁ ከጓሮው አውጡ፣ ድንቹን ከ10 እስከ 14 ቀን አፈር ውስጥ ተዉት፤ ልጣጩ ይጠነክራል፣ በሽታውም ከቅጠል ወደ ድንቹ አይተላለፍም። ከዚያ ፀሐይ ባለበት ረፋድ ይቆፈር። የታመመ ድንች ለዘር አይቀመጥም።